ሰዓትን ወደ ቀን፣ ወደ ወርና ወደ ዓመት የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

በአንድ ጄኔሬተር ላይ የተገጠመ የሰዓት ቆጣሪ 13,140 የሚል ቁጥር ያሳያል እንበል። ይህ ቁጥር ሞተሩ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ በጠቅላላው የሠራውን ሰዓት ይነግረናል። ይሁን እንጂ በሰዓት የተገለጸ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ምን ያህል ዕድሜ እንደሆነ በዓይነ ሕሊና ለመሳል ስለሚያስቸግር ወደ ዓመት ልንቀይረው እንፈልጋለን። ለ8,760 ብናካፍለው 1.5 ዓመት እናገኛለን። ስሌቱ ምንም እንከን የለበትም። ነገር ግን ሞተሩ የሚሠራው በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ ከሆነ ይህን ሰዓት ለመሙላት 2,190 ቀን፣ ማለትም ድፍን 6 ዓመት ወስዶበታል። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከተተከለ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይነግሩናል።

ስለዚህ ሰዓትን ወደ ዓመት መቀየር በአንድ ማካፈል የሚያልቅ ሥራ ቢመስልም፣ ከማካፈሉ በፊት ሁለት ነገሮች መወሰን አለባቸው። ሰዓቱ ያለማቋረጥ የሄደ ነው ወይስ እየተቆራረጠ የተጠራቀመ? ዓመት ስንልስ የስንት ቀን ዓመት ማለታችን ነው? በዚህ ስሌት ላይ ያየኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የመጡት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ዘሎ ወደ ካልኩሌተር ከመሮጥ ነው። በዚህ ምክንያት መመሪያውን የምጀምረው መለኪያዎቹን ከመለየት ነው።

የማይለዋወጡት መለኪያዎች

የጊዜ መለኪያዎች እንደ ሜትርና እንደ ኪሎግራም በአሥር በአሥር እየተባዙ የሚያድጉ አይደሉም፤ የተያያዙት በ60፣ በ24 እና በ7 ነው። በ60 የመከፋፈሉ ነገር ሥሩ በ60 መሠረት ይቆጥሩ ከነበሩት ከጥንት ባቢሎናውያን የሚመዘዝ ሲሆን፣ መዓልቱንና ሌሊቱን ለ12 ለ12 መክፈል ደግሞ ከጥንት ግብፃውያን የመጣ ነው። 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12፣ ለ15፣ ለ20 እና ለ30 ያለቀሪ ስለሚካፈል፣ የሰዓትን ሲሶም ሆነ ሩብ ያለ አስርዮሽ ነጥብ መግለጽ ይቻላል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1793 እ.ኤ.አ.፣ ቀኑን ለ10 ሰዓት፣ ሰዓቱን ለ100 ደቂቃ፣ ደቂቃውን ለ100 ሴኮንድ የሚከፍል ድንጋጌ ወጥቶ ነበር፤ ሆኖም አስገዳጅነቱ በ1795 ቀረ። ያ አሠራር ቢጸና ኖሮ ከዚህ መመሪያ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በቃል ሊያዙ የሚገባቸው ቋሚ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

1 ሰዓት = 60 ደቂቃ = 3,600 ሴኮንድ
1 ቀን = 24 ሰዓት = 1,440 ደቂቃ = 86,400 ሴኮንድ
1 ሳምንት = 7 ቀን = 168 ሰዓት = 10,080 ደቂቃ = 604,800 ሴኮንድ

የእነዚህ ሁሉ መሠረት ሴኮንድ ነው። ከ1967 ጀምሮ አንድ ሴኮንድ የሲዚየም 133 አቶም የሚያመነጨው አንድ የታወቀ ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ እስኪርገበገብ ድረስ የሚወስደው ጊዜ ነው ተብሎ ተወስኗል። ሴኮንድ ከምድር እንቅስቃሴ ተላቆ በአቶም ስለሚለካና የምድር መሽከርከር ደግሞ ፍጹም እኩል ስላልሆነ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ ከ1972 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ውስጥ 27 ተጨማሪ ሴኮንዶች በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ታክለዋል። በተጨማሪም በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኋላም ወደኋላ በሚያዞሩ አገሮች በዓመት ውስጥ አንድ ቀን 23 ሰዓት፣ ሌላ አንድ ቀን 25 ሰዓት ይሆናል። በዓመታት ለሚቆጠር ስሌት እነዚህ ልዩነቶች ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም። ሆኖም ሌሊቱን በሥራ ላይ ያሳለፈን ሰው ሰዓት የሚመዘግብ ሰው ሊያውቃቸው ይገባል፤ ምክንያቱም በዚያ ሌሊት አንድ ሰዓት በመዝገቡ ላይ ሊጎድል ወይም ሊተርፍ ይችላል።

ዓመቱ የትኛው ነው?

እስከ ሳምንት ድረስ ሁሉም ነገር ቀጥተኛ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከወርና ከዓመት ነው፤ ሁለቱም ቋሚ ርዝመት የላቸውም። አንድ ዓመት 365 ቀን ሲሆን 8,760 ሰዓት፣ 366 ቀን ሲሆን ደግሞ 8,784 ሰዓት አለው። የ366 ቀን ዓመት የሚመጣበት ደንብ እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ ለ4 የሚካፈል ዓመት 366 ቀን ይኖረዋል፤ ለ100 የሚካፈል ከሆነ ግን ወደ 365 ይመለሳል፤ ለ400 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ እንደገና 366 ይሆናል። በዚህ መሠረት 1900 የ365 ቀን ዓመት ነበር፣ 2000 የ366፣ 2100 ደግሞ የ365 ቀን ዓመት ይሆናል።

ይህ ደንብ በ400 ዓመት ውስጥ ሙሉ ዙሩን ይጨርሳል። በ400 ዓመት ውስጥ 97 ባለ 366 ቀን ዓመታት ስላሉ ጠቅላላው 146,097 ቀን ወይም 3,506,328 ሰዓት ነው። ይህንን ለ400 ስናካፍል የአንድ ዓመት አማካይ ርዝመት 365.2425 ቀን፣ ማለትም 8,765.82 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ በፊት ሲሠራበት የነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር ደግሞ በየ4 ዓመቱ ያለ ልዩነት አንድ ቀን ስለሚጨምር አማካዩ 365.25 ቀን ወይም ድፍን 8,766 ሰዓት ነው። ፀሐይን ተከትለው ወቅቶች አንድ ዙር የሚያጠናቅቁበት ጊዜ 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ገደማ በመሆኑ፣ የዩልዮስ ዓመት ከዚህ ጊዜ በ11 ደቂቃ ያህል ይረዝም ነበር። 11 ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፤ ለዘመናት ስትጠራቀም ግን ቀናትን ወለደች። በመሆኑም ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 አቆጣጠሩን ሲያሻሽሉ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ኦክቶበር 15 እንዲሆን ተደርጎ 10 ቀን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ተሰረዘ።

እንግዲህ በእጃችን ያሉት አካፋዮች አራት ናቸው፦ 8,760፣ 8,784፣ 8,766 እና 8,765.82። የትኛውን እንምረጥ? ለዕቃ ዕድሜ፣ ለኤሌክትሪክ ፍጆታ ግምትና ለመሳሰለው የዕለት ተዕለት ስሌት 8,760 በቂ ነው፤ በምሕንድስናም በብዛት የሚሠራበት ይኸው ነው። የምናሰላው ስለ አንድ የታወቀ ዓመት ከሆነና ያ ዓመት 366 ቀን ያለው ከሆነ 8,784ን እንጠቀማለን። ብዙ አሥርት ዓመታትን የሚሸፍን ጊዜ ከሆነ አማካዩ 8,765.82 ከእውነታው ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። 8,766 ደግሞ የሥነ ፈለክ ሰዎች መለኪያ ነው፤ የብርሃን ዓመት የሚባለው ርቀት የሚሰላው በዚህ ዓመት፣ ማለትም ብርሃን በ31,557,600 ሴኮንድ ውስጥ በሚጓዘው ርቀት ሲሆን ውጤቱ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ምርጫው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ሚሊዮን ሰዓት ለ8,760 ሲካፈል 114.16 ዓመት፣ ለ8,765.82 ሲካፈል 114.08 ዓመት ነው። ልዩነቱ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደ 28 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ለግምት ምንም አይደለም፤ የውል ማብቂያ ቀን ለመወሰን ግን ብዙ ነው።

ስሌቱ ደረጃ በደረጃ፦ 50,000 ሰዓት ስንት ዓመት ነው?

አሁን አንድ ቁጥር ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድ። 50,000 ሰዓት ያለማቋረጥ የሄደ ጊዜ ነው እንበል፤ አካፋያችንም 8,760 ይሁን።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ለ8,760 እናካፍላለን። 50,000 ÷ 8,760 = 5.7078 ገደማ ይሆናል። ግምታዊ መልስ ብቻ ከፈለግን «5.7 ዓመት» ብለን እዚህ ላይ ልናቆም እንችላለን። በዓመት፣ በቀንና በሰዓት ተዘርዝሮ እንዲቀመጥ ከፈለግን ግን ከነጥቡ በስተግራ ያለውን ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም 5ን ብቻ እንይዛለን።

ቀጥሎ እነዚያ 5 ዓመታት የወሰዱትን ሰዓት ከጠቅላላው እንቀንሳለን። 5 × 8,760 = 43,800 ነው፤ 50,000 − 43,800 = 6,200 ሰዓት ይቀራል። ቀሪው ምንጊዜም ከአካፋዩ ማነስ አለበት፤ ከ8,760 የበለጠ ቀሪ ካገኘን አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ቀሪውን ለ24 እናካፍላለን። 6,200 ÷ 24 ሲሰላ ድርሻው 258 ሲሆን፣ 258 × 24 = 6,192 ስለሆነ 8 ሰዓት ይተርፋል። እንግዲህ 50,000 ሰዓት 5 ዓመት ከ258 ቀን ከ8 ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ወደኋላ ተመልሰን እንፈትሻለን። 43,800 + 6,192 + 8 = 50,000። ይህ ማረጋገጫ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይወስድም፤ ቢሆንም ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስሌቱ በወረቀት ላይ በሚሠራበት ጊዜ በፍጹም ሊዘለል አይገባም እላለሁ።

ይህ መልስ ሁሉም ዓመት 365 ቀን እንደሆነ አድርጎ የቆጠረ ነው። መነሻ ቀን ካለን ግን ይበልጥ ትክክል የሆነ መልስ ማግኘት እንችላለን። ጊዜው የተጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ልክ ዕለቱ ሲብት ነው እንበል። 50,000 ሰዓት 2,083 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። 2024 366 ቀን፣ 2025፣ 2026 እና 2027 እያንዳንዳቸው 365 ቀን፣ 2028 ደግሞ 366 ቀን አላቸው፤ ሲደመሩ 1,827 ቀን ይሆናሉ። ከ2,083 ላይ 1,827 ሲቀነስ 256 ቀን ይቀራል። ከ2029 መጀመሪያ ላይ 256 ቀን ስንራመድ ሴፕቴምበር 14 ላይ እንደርሳለን፤ ጊዜው የሚሞላውም በዚያ ዕለት፣ ከዕለቱ መጀመሪያ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀደም ሲል 258 ቀን ያልነው እዚህ 256 የሆነው በመካከል ሁለት ባለ 366 ቀን ዓመታት ስላለፉ ነው።

ነጥቡ የሚያሳስተን እንዴት ነው?

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ ይህ ነው። 5.7 ዓመት ማለት 5 ዓመት ከ7 ወር አይደለም። ከነጥብ በኋላ ያለው 7 ከ10 እጅ 7 እጅ ማለት ሲሆን ዓመቱ ግን 12 ወር ነው፤ ስለዚህ 0.7 × 12 = 8.4 ወር ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ 2.25 ዓመት 2 ዓመት ከ25 ቀን ሳይሆን 2 ዓመት ከ3 ወር ነው፤ 1.5 ሰዓትም 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ክፍልፋይ ወደ ታች በምንወርድበት መለኪያ ብዛት እናባዛዋለን። ከዓመት ወደ ቀን ስንወርድ በ365፣ ከቀን ወደ ሰዓት ስንወርድ በ24፣ ከሰዓት ወደ ደቂቃ ስንወርድ በ60።

የጄኔሬተሩን ቆጣሪ ቀረብ ብለን ብናየው በመጨረሻ በኩል ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ያለው አንድ አሃዝ እናገኛለን። ያ አሃዝ የሰዓትን አንድ አሥረኛ የሚቆጥር በመሆኑ አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር 6 ደቂቃ አልፏል። ቆጣሪው 13,140.6 ካለ ሞተሩ የሠራው 13,140 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው፤ 13,140 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ብሎ የሚያነብ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል አጥፍቷል። አብራሪዎችም የበረራ ሰዓታቸውን ብዙ ጊዜ የሚመዘግቡት በዚሁ በአሥረኛ ነው፤ 1.2 ሰዓት በመዝገባቸው ላይ ሲታይ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ማለት ነው።

እኔም በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የአንድ ሠራተኛን የሥራ ሰዓት ስደምር 7 ሰዓት ከ30 ደቂቃን 7.30 ብዬ ጻፍኩና ለ20 የሥራ ቀን በ20 አባዛሁት፤ 146 ሰዓት መጣ። 7 ሰዓት ከ30 ደቂቃ 7.5 ሰዓት ስለሆነ ትክክለኛው መልስ 150 ነበር። የሰውየው የ4 ሰዓት ድካም በአንዲት ነጥብ ምክንያት ከመዝገቡ ጠፋ፤ እርሱ ራሱ ባይጠይቅ ኖሮ እኔ አላየውም ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ደቂቃን በመጀመሪያ ለ60 ሳላካፍል ከሰዓት ጋር በነጥብ አላያይዝም። 45 ደቂቃ 0.75፣ 20 ደቂቃ 0.33፣ 10 ደቂቃ 0.17 ገደማ ነው።

ወርን በተመለከተ

ወር 28፣ 29፣ 30 ወይም 31 ቀን ሊሆን ስለሚችል በሰዓት ሲቆጠር 672፣ 696፣ 720 ወይም 744 ይሆናል። ለግምት 8,760ን ለ12 በማካፈል የሚገኘውን 730 ሰዓት መያዝ ይሻላል፤ የረጅም ጊዜው አማካይ 730.485 ሰዓት ስለሆነ 730 ከእውነታው ብዙም አይርቅም። 720ን፣ ማለትም የ30 ቀንን ወር፣ መጠቀም የሚገባው የምንከተለው ውል ወይም ደንብ ወሩን 30 ቀን ብሎ የወሰነ እንደሆነ ብቻ ነው። ምክንያቱም 12 ጊዜ 720 የሚሰጠን 8,640 ሰዓት በመሆኑ ከአንድ ዓመት 120 ሰዓት፣ ማለትም 5 ቀን ይጎድላል።

በተለይ ዓመትንና ወርን በአንድ መልስ ውስጥ አንድ ላይ ስንጠቀም ይህን ልብ ማለት ይገባናል። ቀደም ሲል ያገኘነውን 6,200 ቀሪ ሰዓት ለ730 ብናካፍል 8 ወር ከ360 ሰዓት፣ ማለትም 8 ወር ከ15 ቀን እናገኛለን። ለ720 ብናካፍል ደግሞ 8 ወር ከ440 ሰዓት፣ ማለትም 8 ወር ከ18 ቀን ከ8 ሰዓት ይመጣል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ተነሥተን በቀን መቁጠሪያው ስንቆጥር ያገኘነው 8 ወር ከ13 ቀን ከ8 ሰዓት ነበር። ሦስት የተለያዩ መልሶች ሆኑ። የእኔ ምክር፣ መነሻ ቀን በማይኖርበት ጊዜ ወርን ትቶ ዓመትና ቀን ብቻ መጻፍ ነው።

ከዓመት ወደ ሰዓት፣ እንዲሁም በሁለት ቀኖች መካከል

ወደ ሰዓት መመለስ ማባዛት ብቻ ነው፤ ዓመቱን በ8,760፣ ሳምንቱን በ168፣ ቀኑን በ24 አባዝቶ መደመር ነው። 3 ዓመት ከ10 ቀን 26,280 + 240 = 26,520 ሰዓት ነው። ሁለት የታወቁ ቀኖች ሲሰጡን ግን አማካይ መጠቀም አያስፈልገንም፤ ትክክለኛውን ልንቆጥረው እንችላለን። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ያለውን ጊዜ እንውሰድ። 25 ዓመት ነው፤ 25 × 365 = 9,125 ቀን። በመካከሉ 2000፣ 2004፣ 2008፣ 2012፣ 2016፣ 2020 እና 2024 አንዳንድ ቀን ስለሚጨምሩ 9,132 ቀን ይሆናል፤ በሰዓት 219,168። ተጨማሪዎቹን 7 ቀናት የረሳ ሰው 168 ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ ሳምንት ያጎድላል።

ትልልቅ የሴኮንድ ቁጥሮች

የሴኮንድ ቁጥር ሲተልቅ ስሜታችን ጨርሶ ያታልለናል። አንድ ሚሊዮን ሴኮንድ 11 ቀን ከ13 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሲሆን፣ አንድ ቢሊዮን ሴኮንድ ግን ወደ 31.7 ዓመት ይጠጋል። በቃል ሲነገሩ ጎረቤታሞች የሚመስሉት ሚሊዮንና ቢሊዮን በሳምንትና በትውልድ ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አሠራሩ ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ለ86,400 አካፍሎ ቀኑን መያዝ፣ ቀሪውን ለ3,600 አካፍሎ ሰዓቱን ማውጣት፣ የቀረውን ደግሞ ለ60 ማካፈል ነው። በኮምፒውተር ዓለም የታወቀ አንድ ቁጥር ወስደን እንሞክረው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉ ሴኮንዶች ነው። ይህንን ቁጥር በ32 ቢት የሚያስቀምጡት ሥርዓቶች ሊይዙት የሚችሉት ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ለ86,400 ሲካፈል 24,855 ቀን ይወጣና 11,647 ሴኮንድ ይቀራል። 11,647 ለ3,600 ሲካፈል 3 ሰዓት ሰጥቶ 847 ሴኮንድ ያስቀራል፤ 847 ደግሞ 14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። 24,855 ቀን ከ1970 መጀመሪያ ሲቆጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ያደርሰናል። ባለሙያዎች ስለ 2038 ችግር ሲናገሩ የሚጠቅሱት ቅጽበት፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ዕለቱ ከገባ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ሲሆን፣ ከዚህ ስሌት የተገኘ ነው።

እየተቆራረጠ የተጠራቀመ ሰዓት

የሥራ፣ የጥናት፣ የበረራና የዕቃ አገልግሎት ሰዓት ሁሉ በዚህ ሥር ይመደባል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ለ8,760 ማካፈል የሚሰጠን የተጣራውን ጊዜ ብቻ ነው። በቀን መቁጠሪያ ምን ያህል እንደሚፈጅ ለማወቅ በመጀመሪያ በቀን ወይም በሳምንት ለሚሠራበት ሰዓት ማካፈል ይኖርብናል።

ለምሳሌ አንድን ሙያ ለመካን 10,000 ሰዓት ልምምድ ያስፈልጋል ሲባል ይሰማል። የአባባሉን እውነትነት ወደ ጎን ትተን ቁጥሩን ብቻ እንየው። ያለ እንቅልፍና ያለ ዕረፍት 1 ዓመት ከ51 ቀን ከ16 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 250 ሳምንት፣ ማለትም 4.8 ዓመት ገደማ ይሆናል። በቀን 2 ሰዓት ለሚለማመድ ደግሞ 5,000 ቀን፣ ይህም ማለት 13.7 ዓመት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው የዓመት የሥራ ሰዓቱ 40 × 52 = 2,080 ስለሆነ፣ የሥራ ሰዓትን ወደ ሥራ ዓመት ለመቀየር ብዙ ጊዜ ለዚህ ቁጥር ይካፈላል። ዕረፍትና በዓላት ከታሰቡ ግን በእርግጥ የሚሠራው ሰዓት ከዚህ ያንሳል።

የአምፖል ማሸጊያ ላይ 25,000 ሰዓት የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ ሌት ተቀን ለሚበራ አምፖል 2.85 ዓመት ሲሆን፣ በቀን 3 ሰዓት ለሚበራው ግን 22.8 ዓመት ነው። ማሸጊያው ዓመትንም ጨምሮ ከጻፈ በቀን ስንት ሰዓት ብሎ እንዳሰላው በትናንሽ ፊደል ይገልጻልና እርሱን ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሰዓትን ወደ ዓመት መቀየር ጨርሶ ትርጉም የማይሰጥበት ጊዜም አለ። በሃርድ ዲስክ መግለጫ ላይ በብልሽቶች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ 1,000,000 ሰዓት ነው ተብሎ ሲጻፍ፣ 114 ዓመት የሚያገለግል ዲስክ ገዛሁ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ዲስኮች ነው። 1,000 ዲስኮች ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፉ ቢሠሩ አንድ ላይ 8,760,000 ሰዓት ይሠራሉ፤ ይህንን ለአንድ ሚሊዮን ስናካፍል 8.76 ይሆናል። በዓመት ውስጥ ከሺህ ዲስኮች ዘጠኝ ያህሉ ይበላሻሉ ተብሎ ይጠበቃል ማለት ነው። የአንዱ ዲስክ የአገልግሎት ዕድሜ ሌላ ጉዳይ ነው።

ያለ ካልኩሌተርና በኤክሴል

በቃል ለመገመት የሚረዳ አንድ አቋራጭ አለ። 8,760 የ10,000 ሰባት ስምንተኛ ከሆነው ከ8,750 ጋር እጅግ ይቀራረባል። ስለዚህ የሰዓቱን ቁጥር ለ10,000 አካፍለን በ8 እናባዛና ለ7 እናካፍላለን። 50,000 ሰዓት 5 ይሆናል፤ 5 × 8 = 40፤ 40 ለ7 ሲካፈል 5.71 ነው። ትክክለኛው 5.708 ስለነበር ስሕተቱ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ለትንሽ ቁጥር ደግሞ 1,000 ሰዓት 6 ሳምንት ሊሞላ 8 ሰዓት ብቻ እንደሚቀረው ማስታወስ ይጠቅማል፤ 6 ሳምንት 1,008 ሰዓት ነውና።

በኤክሴልና በመሰል ፕሮግራሞች ስንሠራ፣ ፕሮግራሙ ጊዜን የሚያስቀምጠው በቀን መሆኑን ማወቅ ግድ ነው። ለእርሱ 1 ማለት አንድ ቀን፣ 0.5 ማለት 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድን የጊዜ ልዩነት ወደ ተራ የሰዓት ቁጥር ለመለወጥ በ24 እናባዛዋለን። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ደግሞ የሰዓቶች ድምር ከ24 ሲያልፍ እንደገና ከዜሮ የጀመረ መምሰሉ ነው፤ 30 ሰዓት 6 ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ አልጠፋም፤ የሚታይበት ቅርጽ ነው የደበቀው። በሕዋሱ የቅርጽ ምርጫ ውስጥ የሰዓቱን ምልክት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ስናስገባው ሙሉው 30 ይታያል። ኤክሴል 1900ን በስሕተት ባለ 366 ቀን ዓመት አድርጎ እንደሚቆጥርም ልብ ይሏል፤ ይህ ከቀደመ ሌላ ፕሮግራም ጋር እንዲጣጣም ሲባል የተወረሰ ነው። በመሆኑም ከማርች 1 ቀን 1900 በፊት የሚነሣ ስሌት በአንድ ቀን ሊዛነፍ ይችላል።

መልሱን ስንጽፍ

ማጠጋጋት በመጨረሻ ላይ ብቻ ነው የሚደረገው። 5.7078ን መጀመሪያ 5.7 አድርገን ከዚያ ወደ ሰዓት ብንመልሰው 49,932 ሰዓት ይመጣል፤ 68 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ የመጀመሪያውን የሰዓት ቁጥር ሳንጥል ከመልሱ ጎን ማኖር፣ በየትኛው አካፋይ እንደሠራንም መግለጽ ይገባል፤ ለምሳሌ «50,000 ሰዓት፣ በ8,760 ሲሰላ 5 ዓመት ከ258 ቀን ከ8 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። የአፖሎ 11 ጉዞ በጁላይ 1969 ከተነሣበት አንሥቶ ውቅያኖስ ላይ እስካረፈበት ድረስ 195 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ወስዷል። 195ን ለ24 ስናካፍል 8 ቀን ከ3 ሰዓት ይሆናል፤ 18ቱ ደቂቃና 35ቱ ሴኮንድ ሳይነኩ ይቀጥላሉ። «8 ቀን» ብሎ የጻፈም አልተሳሳተም፤ ከዚያ መልስ ተነሥቶ የጉዞውን ሰዓት የሚፈልግ ሌላ ሰው ግን 192 ላይ ይቆማል፤ የቀሩትን 3 ሰዓታት የሚያገኝበት መንገድ የለውም።